የታሰረ ደረት፦ ከሆርሞን ሕክምና በፊት ስለ ትራንስጀንደር ወንዶች ደኅንነት



የዛሬው ንግግሬ የሚመለከተው ሲወለዱ ሴት ተብለው የተመዘገቡ፣ ራሳቸውን ግን በወንድነት የሚያውቁና የሆርሞን ሕክምና ገና ያልጀመሩ ሰዎችን ነው። በጉዳዩ ላይ በዚህ አዳራሽ ልዩ ልዩ እምነትና አቋም እንዳለ አውቃለሁ። የጎድን አጥንት ግን የማንንም አቋም አይጠይቅም፤ ከልክ በላይ ሲታሰር ይታመማል። የማስረዳው ነጥብ አንድ ነው፦ በእነዚህ ሰዎች ላይ የሚደርሰው የአካል ጉዳት የሚከፋው፣ ምስጢር ለመጠበቅ ሲባል ትክክለኛ መረጃም ሐኪምም ሲርቁ ነው።

ከታሪክ ልነሣ። ቴስቶስትሮን በቤተ ሙከራ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1935 ነው። ከዚያ በፊት በወንድነት ለመኖር የፈለገ ሰው የነበሩት መንገዶች ልብስ፣ የፀጉር ቁርጥ፣ የድምፅና የአካሄድ ልምምድ፣ እንዲሁም ደረትን ማሰር ነበሩ። አሜሪካዊው ሐኪም አለን ሃርት በ1917 የሕክምና ትምህርቱን አጠናቀቀ፤ ብዙም ሳይቆይ ማሕፀኑን በቀዶ ሕክምና አስወጥቶ በወንድነት መኖር ጀመረ። ሆርሞን ያገኘው ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በመካከሉ ማንነቱ በመጋለጡ ሥራውን ለመልቀቅ ተገዷል። ያም ሆኖ የሳንባ ነቀርሳን በደረት ራጅ ቀድሞ ለመለየት ከተጉት ፈር ቀዳጅ ሐኪሞች አንዱ ለመሆን በቅቷል።

ሁለተኛው ምሳሌ የጃዝ ሙዚቀኛው ቢሊ ቲፕተን ነው። ቲፕተን ደረቱን በፋሻ ጠቅልሎ ይኖር ነበር፤ ለቅርብ ሰዎቹ የሚሰጠው ምክንያትም በመኪና አደጋ የጎድን አጥንቱ መጎዳቱን ነበር። በ1989 ሕይወቱን የነጠቀው ግን ፋሻው አልነበረም፤ ሳይታከም የቆየና የደማ የጨጓራ ቁስለት ነበር። ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ፈቃደኛ አልነበረም። ስለ ፋሻው ብቻ ካወራን ዋናውን ትምህርት እንስተዋለን፤ ከሕክምና ያራቀው ምርመራው ምስጢሩን ያወጣብኛል የሚለው ሥጋት እንደነበር መገመት አያስቸግርም።

አሁን ወደ አካሉ አሠራር እንለፍ። ስንተነፍስ ድያፍራም ወደ ታች ይወርዳል፤ የጎድን አጥንቶችም ወደ ላይና ወደ ጎን ይከፈታሉ። ጥብቅ ማሰሪያ ይህን መከፈት ያግዳል፤ ትንፋሽ ያጥራል፣ የጀርባና የትከሻ ጡንቻዎች ይወጠራሉ፣ ላብ የታፈነበት ቆዳም ይቆስላል። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ፣ ደረታቸውን የሚያስሩ 1,800 ሰዎችን ያካተተ ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከመቶ 97ቱ ቢያንስ አንድ የጤና ችግር ገጥሟቸዋል፤ ከግማሽ በላዩ የጀርባ ሕመም አለባቸው። ከችግሮቹ ጋር በተደጋጋሚ ተያይዞ የተገኘው በሳምንት የሚታሰርበት ቀን ብዛት ነው። እነዚሁ ሰዎች ማሰሩ ጭንቀታቸውን እንዳቀለለላቸውም ገልጸዋል። ስለዚህ «ተዉት» ብሎ ማለፍ ምክር አይሆንም፤ ሰሚ አያገኝምና።

ተገቢው ምክር ዝርዝር ነው። ላስቲክ ፋሻና ፕላስተር ለዚህ አይውሉም፤ ሰውየው በተነፈሰ ቁጥር ፋሻው ይበልጥ ይጠብቃል፣ ፕላስተሩም ቆዳ ይልጣል። ለዚሁ ተብሎ የተሰፋ፣ በልክ የተመረጠ ማሰሪያ ይሻላል፤ ትንሽ ቁጥር መልበስ ደረቱን ይጎዳል እንጂ ያን ያህል አያሳምረውም። በቀን ከ8 ሰዓት ባይበልጥ፣ በእንቅልፍና በስፖርት ጊዜ ቢወልቅ፣ በሳምንት ውስጥም የዕረፍት ቀን ቢኖረው ይመከራል። ሕመም፣ መደንዘዝ ወይም የትንፋሽ ማጠር ሲሰማ ወዲያው መፍታት ነው። አስም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። ሰፋ ያለ ሸሚዝ በካናቴራ ላይ ደርቦ መልበስ፣ ትከሻው ላይ በልክ የተሰፋ ጃኬት፣ አጭር የፀጉር ቁርጥ ይረዳሉ፤ አጥንትም አይነኩም። ድምፅን በጉሮሮ አስገድዶ ማጎርነን ግን የድምፅ አውታርን ያደክማል።

የመጨረሻው ነጥቤ ቋንቋችንን ይመለከታል። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሐኪም በሽተኛውን ጾታ ሳይለይ ሊያነጋግር ይችላል። አማርኛ ግን ከመጀመሪያው ሰላምታ ያስመርጣል፤ «እንደምን አለህ» ወይም «እንደምን አለሽ» ማለት ግድ ነው። በዋሽንግተን ዲሲ እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ አማርኛ አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። እንግዲህ እዚያ ክሊኒክ ውስጥ እናቱ አጠገቡ የተቀመጠች ወጣት ሊኖር ይችላል። አስተርጓሚው በአንዲት ፊደል ምስጢሩን ሊያወጣበት፣ ወይም ደግሞ ሕመሙን እንዳይናገር ሊያሸማቅቀው ይችላል። መፍትሔው እዚሁ ቋንቋችን ውስጥ አለ፤ «እርስዎ» ጾታ አይለይም። ታላቅን ለማክበር የምንጠቀምበት ቃል በሽተኛን ለመጠበቅም ያገለግላል። ወጣቱ እንዴት እንዲጠራ እንደሚፈልግ፣ ከቤተሰቡ ፊት ምን እንዳይነሣ እንደሚሻ ለብቻው ሲሆን መጠየቅ ይቻላል።

ተማሪዎቼ፣ ነገ በምርመራ ክፍል የጎኑን ሕመም ምክንያት የሚሸሽግ ሰው ሲገጥማችሁ፣ ማሰሪያውን ከማየታችሁ በፊት ፊታችሁን ያያል። ከፊታችሁ የሚያነበው ነገር እውነቱን መናገሩንና አለመናገሩን ይወስናል።