ማረሻ ያወጣው ብረት

[መግቢያ ሙዚቃ፤ ቀስ ብሎ ይቀንሳል]

አቅራቢ፦ አድማጮቻችን፣ በከሚሴ ዙሪያ፣ በቦርከና ሜዳ ሲያርሱ ማረሻዎ አሮጌ ብረት ቢያወጣ ምንነቱን በምን ይለያሉ?

ከመንካትዎ በፊት ቅርጹን ይዩ። አካባቢው በ2014 ዓ.ም. ጦርነት አልፎበታል። ጥይት ወይም ቦምብ ከመሰለ ይራቁ፤ ቦታውን ለፖሊስ ያስታውቁ።

ቀጥሎ ቀለሙ ነው። ቀይ ቡናማ ዝገት የብረት ምልክት ነው። አረንጓዴ ልባስ መዳብን ወይም ነሐስን ያመለክታል። የጠቆረው ብር ሊሆን ይችላል። ንጹሕ ወርቅ አይዝግም።

[አጭር ሙዚቃ]

አቅራቢ፦ ያገኙት ሳንቲም ከሆነስ? ጠገራ ብር በአንድ ገጹ የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ፣ በሌላው ባለ ሁለት ራስ ንስር አለበት፤ ክብደቱም 28 ግራም ገደማ ነው። 1780 የሚለው የአውሮፓ አቆጣጠር ቁጥር ግን አያሳስትዎ። በዚያ ዓመት ንግሥቲቱ ካረፉ በኋላም በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጭምር በዚሁ ቁጥር ተመትቷል።

ታዲያ ዕድሜው በምን ይታወቃል? አጠገቡ ባለው ገል፣ በከሰሉና በአፈሩ ንብርብር ነው። ከከሚሴ በስተደቡብ፣ በይፋት፣ እንደ ኖራ ባሉ ፍርስራሽ ከተሞች ተመራማሪዎች የመካከለኛውን ዘመን የሙስሊሞች ታሪክ ያጠኑት መስጊዱን፣ መቃብሩንና ቤቱን በነበሩበት ቦታ እያዩ ነው። ዕቃው ከጉድጓዱ ወጥቶ ገበያ ከገባ ይህ ማስረጃ ይጠፋል።

ስለዚህ በአሸዋ አይፈግፍጉት፣ በሎሚም አይጠቡት። ጉድጓዱን አያስፉ። በስልክዎ ፎቶ ያንሱና የተገኘበትን ቦታና ጥልቀት ይመዝግቡ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ለሚመለከተው አካል ማሳወቅና እስኪረከበው ድረስ ዕቃውን መጠበቅ አለበት። የመጀመሪያ በርዎ የወረዳዎ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ነው።

[መዝጊያ ሙዚቃ]