ሁለተኛውን ቀድመን ያየን

 

በቪዲዮ ቤት ዘመን ያደገ ሰው ፊልምን በተራ አያውቅም። የሚታየው የተገኘው ካሴት ነው። በሩ ላይ በተሰቀለው ሰሌዳ «አርኖልድ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ክፍል ስንት ነው ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ሳንቲም ከፍሎ አግዳሚው ላይ መጠጋጋት ብቻ ነው። «ተርሚኔተር 2»ንም ብዙዎቻችን ያየነው እንዲሁ ነው፤ አንደኛውን ሳናይ።

ሰሞኑን ሁለቱንም በተራቸው አየኋቸው። ለካ ያኔ ያየነው ግማሹን ኖሯል!

አንደኛው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1984 ወጣ። ዳይሬክተሩ ጄምስ ካሜሮን ገና ስም ያልነበረው ሰው ነው፤ ገንዘቡም 6 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ ለሆሊውድ የኪስ ገንዘብ። አርኖልድ ሽዋርዜንገር በዚያ ፊልም ነፍሰ ገዳይ ነው። ከወደፊቱ ዘመን የተላከ፣ ሥጋ የለበሰ ማሽን። የስልክ ማውጫ ይገልጥና «ሳራ ኮነር» የሚል ስም ያላቸውን ሴቶች በየተራ ቤታቸው እየሄደ ይገድላል። የሚፈልጋት ሳራ አስተናጋጅ ናት፤ ገና ያልወለደችው ልጇ አድጎ ዓለምን በሚያጠፉት ማሽኖች ላይ የሚያምፀውን ሕዝብ ይመራልና። ፖሊሶች ጣቢያ ውስጥ ደብቀው ሲጠብቋት፣ እሱ መኪናውን ይዞ በሩን ጥሶ ይገባና ፖሊሱን ያጭዳል። አይናደድም፤ አይቸኩልም። የሚያስፈራውም ይኸው ነው።

እኛ ግን አርኖልድን የምናውቀው በ«ኮማንዶ» ነው። በቪዲዮ ቤት ቋንቋ እሱ አክተር፣ ማለትም ዋናው ጀግና፣ ነው፤ አለቀ። ሊገድል ይችላል፤ ግን የሚገድለው ክፉዎቹን ነው።

ካሜሮን ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1991፣ ሁለተኛውን ሲሠራ የተጫወተው ግን አንደኛውን ያየ ሰው አርኖልድ ገዳይ ነው ብሎ በማመኑ ላይ ነው። አሁን ገንዘቡ 100 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ደርሷል። ከወደፊቱ ዘመን ሁለት ይመጣሉ። አንዱ ግዙፍ፣ ቆዳ ጃኬት የለበሰ፣ ያው የድሮው ገዳይ። ሌላው ቀጠን ያለ፣ ጨዋ የሚመስል፣ የፖሊስ ልብስ የለበሰ። ሁለቱም የሚፈልጉት ጆን የሚባለውን የሳራን ልጅ ነው። ማን ሊገድል፣ ማን ሊያድን እንደመጣ ፊልሙ ሆን ብሎ አይነግራችሁም። በገበያ አዳራሹ ጠባብ መተላለፊያ ልጁ በሁለቱ መካከል ይገባል። ግዙፉ ከጽጌረዳ አበባ ካርቶን ውስጥ ጠመንጃ ያወጣል። የመጀመሪያውን ፊልም ያየ ሰው እዚህ ላይ ልጁ አለቀለት ይላል። ከዚያ አርኖልድ «ዝቅ በል!» ይልና ከልጁ አናት በላይ ፖሊሱ ላይ ይተኩሳል።

ይህን የመሰለ ድንቅ አገላበጥ ያበላሸው ማን መሰላችሁ? የራሱ የፊልሙ ማስታወቂያ! አርኖልድ በዚህኛው ደግ መሆኑን ገና ፊልሙ ሳይወጣ ዘርዝሮ ተናገረው። ስለዚህ ቲኬቱን ቆርጦ የገባው አሜሪካዊም ከእኛ ብዙም አልተሻለም።

ማስታወቂያው ሊያበላሸው ያልቻለ አንድ ትዕይንት ግን አለ። ሳራ ስለ ማሽኖቹ ስለተናገረች እብድ ናት ተብላ ሆስፒታል ተቆልፎባታል። በራሷ ብልሃት አምልጣ በረጅሙ ኮሪደር ትሮጣለች። ሊፍቱ ይከፈታል፤ አርኖልድ ጠመንጃውን ይዞ ይወጣል። ቪዲዮ ቤት ውስጥ ፉጨቱና ጭብጨባው የሚደምቀው እዚህ ላይ ነበር፤ አርኖልድ መጣ! ሳራ ግን ተንሸራታ ትወድቃለች፤ በጀርባዋ እየተጎተተች፣ እየጮኸች ታፈገፍጋለች። ምን ሆነች? እውነትም አብዳለች እንዴ? እንግሊዝኛውም አልገባንም፣ ታሪኩም አልነበረንም፤ ሳቅንባት። በተራው ለሚያየው ሰው ግን ያ ሊፍት ሲከፈት ሰውነት ይቀዘቅዛል። ያው ትከሻ፣ ያው ፊት ነው፤ የልጇን አባት ያሳጣት። እሱ ደግሞ እጁን ዘርግቶ፣ መኖር ከፈለግሽ ተከተይኝ ይላታል። በአንደኛው ፊልም ይህንኑ ያላት ከዚህ ገዳይ ሊያድናት የመጣው ወታደር፣ የልጇ አባት፣ ነበር። ክፍል ሁለት የሚባል ፊልም ሁሉ እንዲህ የቀደመውን ወስዶ ቢገለብጠው ምን ነበረበት! አብዛኛው ያንኑ ደግሞ፣ ፍንዳታ ጨምሮ ይልክልናል።

ፖሊስ መስሎ ስለመጣው ስለ ፈሳሹ ብረት ሰውዬ ብዙ ስለተወራ አላስረዝመውም። አንድ ነገር ብቻ፦ በዚያው ኮሪደር በብረት ፍርግርግ ውስጥ እንደ ውሃ ያልፋል፤ እጁ ላይ የያዘው ሽጉጥ ግን ቀጭ ብሎ ፍርግርጉ ላይ ይያዛል። አዙሮ ያወጣዋል። የኮምፒውተሩ ምስል በሙሉ ፊልሙ ውስጥ አምስት ደቂቃ ገደማ ብቻ ነው፤ ያቺ ሽጉጥ ግን የቀረውን ሁሉ አሳመነችን።

እንከን የለውም አልልም። ልጁ ማሽኑን የሰፈር ቋንቋ የሚያስተምርበት ቦታ ዛሬ ሲያዩት ይሰለቻል። በፍርሃት ደግሞ አንደኛው ይበልጣል።

መጨረሻው ግን! አክተር አይሞትም የሚለውን ሕጋችንን አፈረሰብን። በጭንቅላቱ ውስጥ ያለችው ቺፕ ለሌላ ጥፋት እንዳትተርፍ፣ አርኖልድ በገዛ ፈቃዱ በቀለጠ ብረት ውስጥ ይወርዳል። ራሱን ማጥፋት ስለማይችል ማውረጃውን የምትጫነው ሳራ ናት፤ ያቺው በአንደኛው ሲያሳድዳት የነበረች። ካሜሮን ከዚህ በኋላ ሳራ አርጅታ በሰላም መናፈሻ ውስጥ የምትቀመጥበትን መዝጊያ ቀርጾ ነበር፤ ቆርጦ ጣለውና በጨለማ መንገድ ተካው። ለጥበቡ የተሻለ ነው። ለነጋዴዎቹ ግን በሩ ገርበብ ብሎ ቀረላቸው።

ገቡበትም። በፊልሙ ዓለም የሚያልቅበት ቀን እ.ኤ.አ. ኦገስት 29 ቀን 1997 ነበር፤ በእኛ ነሐሴ 23 ቀን 1989፣ ሰው ለዘመን መለወጫ ዶሮ የሚያስብበት ሰሞን። ቀኑ በደህና አለፈ። በ2003 የወጣው ሦስተኛው ግን ጥፋቱ ተላለፈ እንጂ አልቀረም አለን። የ2015ቱ ጆንን ራሱን ጠላት አደረገው፤ ማስታወቂያውም እንደ ልማዱ ቀድሞ ተናገረው። የ2019ኙ ይባስ ብሎ ጆንን ገና በመግቢያው ገደለው። ሁለት ፊልም ሙሉ ነፍሳችን ተንጠልጥላ ያተረፍነውን ልጅ! ያውም ካሜሮን ራሱ ፕሮዲዩሰር ሆኖ።

እንግዲህ እቤታችሁ ይህን ፊልም ያላየ ወጣት ካለ፣ አደራ፦ በመጀመሪያ የ1984ቱን አሳዩት፤ ቀጥሎ የ1991ዱን። ማስታወቂያውን አስቀድሞ እንዳይከፍት ስልኩን ተቀበሉት። ሦስተኛውን ልክፈት ካላችሁ፣ መሽቷል ብላችሁ አስተኙት።