ፍሬን ያለ ረዳት፦ ከፍሬን መስመር አየርን በቤት ስለ ማስወጣት



ከጅማ ወደ ቦንጋ የሚመጣ መንገደኛ የጎጀብን ሸለቆ ሳይሻገር አይደርስም። ያንን ቁልቁለት በመሪ ላይ ሆኖ የወረደ ሁሉ የፍሬንን ዋጋ ያውቃል። በከፋ ዞን ብዙው መንገድ ዳገትና ቁልቁለት፣ የዓመቱም ብዙው ወር ዝናባማ ነው። ስለዚህ ዛሬ የምንነጋገረው ባለመኪና ፔዳል የሚረግጥለት ሰው ሳይኖር በግቢው ውስጥ ከፍሬኑ አየር ስለሚያስወጣበት መንገድ ነው።

አስቀድመን ምክንያቱን እንመልከት። የፍሬን ዘይት ሲጫኑት ስለማይታመቅ የእግራችንን ኃይል ወደ ጎማው ያደርሳል። አየር ግን ይታመቃል፤ በመስመሩ ውስጥ ጥቂት እንኳ ቢገባ ፔዳሉ ይለሰልሳል፣ መኪናውም ዘግይቶ ይቆማል።

ሌላው ጠላት ውኃ ነው። ዶት 3 እና ዶት 4 የተባሉት ዘይቶች ከአየር እርጥበት ይስባሉ። በመለኪያው መሠረት አዲስ ዶት 3 ከ205 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መፍላት የለበትም፤ 3.7 በመቶ ያህል ውኃ ከያዘ በኋላ ግን ዝቅተኛው ወሰን ወደ 140 ይወርዳል። የዶት 4 ወሰኖች 230 እና 155 ናቸው። በረጅም ቁልቁለት ፍሬን ሲግል እርጥበት የያዘው ዘይት ይፈላል፤ እንፋሎቱም እንደ አየር ስለሚታመቅ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይሰምጣል። እንግዲህ አየር ማስወጣትና አሮጌውን ዘይት መለወጥ በአንድ ጊዜ የሚከናወን ሥራ ነው። ተከፍቶ የከረመ ጣሳ ለዚህ አይሆንም።

የረዳት ተግባር ምንድን ነው? ፔዳሉ ሲለቀቅ አየር ተመልሶ እንዳይሳብ የማስወጫው ብሎን በጊዜው እንዲዘጋ ማገዝ ነው። ብቻችንን ስንሆን ይህን ተግባር ለጠርሙስ እንሰጠዋለን።

መኪናው በሜዳ ላይ ይቁም፤ ጎማዎቹ በድንጋይ ይታገዱ። በክሪክ ብቻ በተያዘ መኪና ሥር መግባት ክልክል ነው። የዘይቱን ማጠራቀሚያ ይሙሉ። ከፓምፑ በጣም ከሚርቀው ጎማ ይጀምሩ፤ በእኛ አገር መኪኖች ይህ አብዛኛውን ጊዜ የቀኝ ኋላው ነው። የመኪናው መመሪያ ሌላ ቅደም ተከተል ካዘዘ ግን መመሪያው ይበልጣል። በብሎኑ ላይ መፍቻውን፣ ቀጥሎም ብርሃን የሚያሳልፍና ጥብቅ ብሎ የሚገባ ቱቦ ያድርጉ። የቱቦውን ሌላ ጫፍ ጥቂት ንጹሕ የፍሬን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ይንከሩት። ብሎኑን ሩብ ዙር ያህል ይፍቱና ፔዳሉን በቀስታ ይርገጡ፣ በቀስታም ይልቀቁ። ፔዳሉ ሲመለስ ቱቦው የሚስበው ዘይት እንጂ አየር አይሆንም። በየአምስት ርግጫው ማጠራቀሚያውን ይመልከቱ፤ ባዶ ከሆነ አየር ይገባና ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። አረፋ ሲጠፋና ዘይቱ ሲጠራ ብሎኑን አጥብቀው ወደሚቀጥለው ጎማ ይለፉ።

ትዕግሥት ላለው ሌላ መንገድ አለ። የማጠራቀሚያው ክዳንና ብሎኑ ተከፍተው ዘይቱ በራሱ ክብደት እንዲወርድ መተው ነው፤ አቦልና ቶና እስኪጠጣ ሊቆይ ይችላል። ማጠራቀሚያውን መከታተል ግን በዚህም አይቀርም።

የማይፈታውንም ማወቅ ይገባል። ተረግጦ የተያዘ ፔዳል ቀስ በቀስ ከወረደ ፓምፑ ተበላሽቷል፣ ወይም የሚያፈስ ቦታ አለ። ኤቢኤስ ባለው መኪና አየር ወደ መሣሪያው ውስጥ ከገባ የምርመራ ኮምፒውተር ያለው ጋራዥ ያስፈልጋል።

የወጣውን ዘይት መልሰው አይጠቀሙበት። መርዝ ስለሆነ በተለምዶ ሃይላንድ በምንለው የውኃ ጠርሙስ ውስጥ ያለ ምልክት ትቶ መሄድ ሕፃንን ለሞት ማጋለጥ ነው። ቀለም ላይ ከፈሰሰ ወዲያው በውኃ ይታጠብ።

በመጨረሻ ሞተሩን አስነሥተው ፔዳሉን በኃይል ረግጠው ይያዙ፤ ከዚያ ወርደው ብሎኖቹ አለማንጠባጠባቸውን ያረጋግጡ። ቀጥሎ በሜዳ ላይ በዝግታ ነድተው ይሞክሩ። ፔዳሉ ጠንካራ ካልሆነ መኪናው ከግቢ አይውጣ። ጥሩ ፍሬን ይዘውም ቢሆን ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ መውረድ ዘይቱን ከመፍላት ያድነዋል። አበው ሳይቃጠል በቅጠል ያሉት ለዚህም ይሠራል።