የመደርደሪያው ጽሑፍና የፓተንት ይግባኝ
(ለተማሪዎች ጉባኤ የተደረገ ንግግር)



ብዙዎቻችን የመመረቂያ ጽሑፋችንን የምናየው ለዲግሪ እንደሚከፈል ግብር ነው። አስረክበን እንገላገላለን፤ እሱም አቧራ ይለብሳል። ዛሬ ለመናገር የተነሣነው ግን ይኸው ጽሑፍ በሕግ ፊት ስላለው ጉልበት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1963 ኢቫን ሰዘርላንድ የተባለ የኤም አይ ቲ ተማሪ «ስኬችፓድ» ስለተባለው ሥራው የዶክትሬት ጽሑፍ አቀረበ። ሠዓሊው በብርሃን ብዕር በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ መስመር ይስላል፤ ሁለቱ ትይዩ ይሁኑ ብሎ ሲያዝ ማሽኑ ራሱ ያስተካክላቸዋል። ዋናው ሥዕል ሲለወጥ ቅጂዎቹም አብረው ይለወጣሉ። እንግዲህ ዛሬ አንድ ሰው ይህንኑ ዘዴ «የኔ ፈጠራ ነው» ብሎ በአሜሪካ ፓተንት ቢጠይቅ፣ ተከልክሎም ይግባኝ ቢል፣ ዳኞች ምን ይመረምራሉ?

አንደኛ፣ የቀደመው ጽሑፍ የተጠየቀውን ዘዴ ሁሉ ይዟል ወይ? በ2008 የፌዴራሉ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እንደ ወሰነው፣ ክፍሎቹ በአንድ ጽሑፍ ውስጥ ተበታትነው መገኘታቸው አይበቃም፤ በጥያቄው እንደተቀመጡት ተያይዘው መገኘት አለባቸው። አንድ ደረጃ ከጎደለ «ቀድሞ ተገኝቷል» አይባልም። ይሁን እንጂ ጠያቂው ገና አላመለጠም፤ የጨመረው ነገር ለባለሙያ ግልጽ ከሆነ በሌላ ምክንያት ይወድቃል።

ሁለተኛ፣ ጽሑፉን ሕዝብ ሊያገኘው ይችል ነበር ወይ? በ1986 ያው ፍርድ ቤት በጀርመን አገር በፍራይቡርግ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት በካታሎግ የተመዘገበ አንድ የዶክትሬት ጽሑፍ ፓተንት ለመከልከል በቂ ነው አለ። በ1989 ግን የሦስት ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፎች ቀረቡለትና አልተቀበላቸውም። ካርዶቹ የተደረደሩት በተማሪው ስም ብቻ ነበርና፣ ስሙን የማያውቅ ተመራማሪ በጉዳዩ ፈልጎ ሊያገኛቸው አይችልም ነበር።

ወገኖቻችን፣ ልዩነቱን ያመጣው የጽሑፉ ጥልቀት አይደለም፤ የካርዱ አደራደር ነው። በጉዳዩ ተፈልጎ የማይገኝ ጽሑፍ ምስክር ሆኖ ላይቆም ይችላል፤ ተማሪ የደከመበትንም ዘዴ ሌላው መጥቶ ሊያጥረው ይችላል።

ፓተንት የሚሻ ሳያሳትም በፊት ያመልክት። ለሁሉ እንዲሆን የሚሻ ግን ጽሑፉን በጉዳዩ ያስመዝግብ። ስለዚህ ኅብረታችን ቤተ መጻሕፍቱን እንዲጠይቅልን የምናሳስበው አንድ ነገር ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፎቻችን በስማችን ብቻ ሳይሆን በያዙት ጉዳይ ይመዝገቡ።