ስለ ባዕድ ድምፅ፦ የቫልቭ ጊታር ማጉያ ሕማምና ምርመራው (በሸዋ ሮቢት የተነገረ ዲስኩር)



ከጣርማ በር ብርድ ተነሥቶ በደብረ ሲና ቁልቁለት ወደዚህ ወደ ይፋት ቆላ የሚወርድ መንገደኛ፣ ከ3,000 ሜትር የሚበልጠውን ከፍታ በጥቂት ሰዓት ትቶ፣ 1,280 ሜትር ያህል ከፍታ ካላት ከሸዋ ሮቢት ሲደርስ ካፖርቱን አውልቆ በዛፍ ጥላ ሥር ያርፋል፤ በጭነት መኪና አብሮት የወረደው የጊታር ማጉያ ግን ብርዱን በአካሉ እንደ ያዘ ከሙቀቱ ስለሚገባ በብረቱ ላይ ጤዛ ይቋጥራል፣ ቫልቮቹም በመንገዱ ንቅናቄ ከመሰኪያቸው ላልተው ይደርሳሉ። ማታ በሠርጉ ድንኳን ሲከፈት ቢያጉረመርም ምን ይደንቃል? ዛሬ የምናገረው ስለዚህ ባዕድ ድምፅ ነው፤ ባዕድ ማለቴም ተጫዋቹ ያልጠራው፣ ከዜማው ወገን ያልሆነ፣ ጣት ክሩን ከመንካቱ አስቀድሞ የሚሰማ ስለ ሆነ ነው።

ቫልቭ የምንለው አየሩ ወጥቶለት የታሸገ የመስታወት ጠርሙስ ነው። እንግሊዛዊው ጆን አምብሮዝ ፍሌሚንግ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1904 ሲሠራው፣ ኤሌክትሪኩ ከጋለው ክር ተነሥቶ ወደ አንድ ወገን ብቻ ያልፍበት ነበር፤ ከሁለት ዓመት በኋላ አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት ሦስተኛ አካል በመካከሉ ስለ ጨመረበት፣ ደካማው ኃይል ብርቱውን የሚያዝበት ምሥጢር ተገለጠ። የጊታር ማግኔት የሚያወጣው ኃይል ከአንድ ቮልት እምብዛም አያልፍምና፣ የመጀመሪያው ቫልቭ የተቀበለውን ሁሉ፣ መልካሙንም ክፉውንም ሳይለይ፣ ተከታዮቹ እየተቀባበሉ ያበዙታል፤ በመግቢያው እንደ ትንኝ የገባችው በስፒከሩ አንበሳ ሆና የምትወጣው ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ከካቻቢቴ አስቀድሞ ጆሮ ይሥራ። የአገራችን ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ይህም በቤዝ ጊታር ወፍራም ክር ሦስተኛ ፍሬት ላይ ለሚገኘው ድምፅ እጅግ የቀረበ ነው። ማጉያው ይህን ተመላላሽ ኃይል ወደ አንድ ወገን ሲያቀናው ግን ሁለቱም ግማሾች ስለሚያገለግሉ ቍጥሩ 100 ይሆናል፤ የዚህም አቻ በተራው ጊታር ወፍራም ክር፣ በዚያው በሦስተኛው ፍሬት ይገኛል። ክሩን እየመታችሁ አመሳክሩ። ጉርምርምታው ከታችኛው ጋር ከተስማማ፣ ጥፋቱ በቫልቮቹ ማሞቂያ ሽቦ፣ ወይም በተበላሸ የጊታር ገመድ፣ ወይም ወደ ትራንስፎርመሩ በተጠጋ ሽቦ ይፈለግ፤ ከላይኛው ጋር ከተስማማ ግን ኤሌክትሪኩን የሚያጠሩት ትላልቅ ካፓሲተሮች ሳይደክሙ አልቀሩም። ቀጥሎ የጊታሩን ገመድ ንቀሉ፤ ድምፁ አብሮ ከጠፋ ማጉያው ንጹሕ ነው። ካልጠፋ የቮልዩሙን ቁልፍ ዝቅ አድርጉ፤ አብሮት ከቀነሰ ደዌው ከቁልፉ በፊት ነው፣ ካልቀነሰ ከቁልፉ በኋላ። ከዚያም ማጉያውን አጥፍታችሁ፣ ቫልቮቹ ሲቀዘቅዙ፣ ከመግቢያው ጀምሮ ትናንሾቹን አንድ በአንድ እየነቀላችሁ በየጊዜው ብታበሩት፣ ድምፁን ያስቀረው ቫልቭ ስፍራውን ይጠቁማችኋል።

በብዙው ትልቅ ማጉያ መጨረሻ ሁለት ኃይለኛ ቫልቮች፣ በማኅሌት ቀኝና ግራ እንደሚቆሙ መዘምራን፣ ትይዩ ሆነው እየተቀባበሉ ይሠራሉ፤ እኩል በሆኑ ጊዜ ከኃይል ምንጩ የሚመጣውን ጉርምርምታ አንዱ የሌላውን ይሽረዋል፤ አንዱ ሲያረጅ ግን ይኸው ጉርምርምታ ይሰማልና፣ ካፓሲተሩ ያለ ጥፋቱ ሲወቀስ ደጋግሜ አይቻለሁ። ይህን ሳይለዩ ካፓሲተር መለወጥ ለድኻ ሙዚቀኛ ከባድ ኪሳራ ነው።

ቢሆንም በእኛ ቆላ ካፓሲተሩ በእውነት ብዙ መከራ አለበት። በውስጡ ያለው እርጥበት በሙቀት ይደርቃል፤ የሙያው ግምታዊ ሕግ እንደሚለው ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቍጥር ዕድሜው በግማሽ ይቀንሳል። በደብረ ብርሃን ብርድ ብዙ ዘመን የሚያገለግለው በይፋት ቶሎ እንደሚደክም አውቃችሁ፣ የማጉያውን ጀርባ ከድንኳኑ ሸራ አርቁ፣ ጨርቅም አትደርቡበት።

የመንጣጣት ድምፅ ብዙ ጊዜ ከላላ ወይም ከዛገ መሰኪያ ነው፤ ቀዝቅዞ ሳለ ቫልቩን ነቅሎ ደጋግሞ መሰካት በአመዛኙ ይፈውሰዋል። በእርሳስ ጫፍ ቀስ ብላችሁ ስትነኩት እንደ ቃጭል የሚያስተጋባ ቫልቭ ግን ይለወጥ።

ሣጥኑን መክፈት ለሚያውቅ ብቻ ነው። በውስጡ ከ400 ቮልት የሚበልጥ ኃይል ሊኖር ይችላል፤ ስፒናው ከተነቀለ በኋላም በካፓሲተሮቹ ተከማችቶ ይቆያልና፣ በሬዚስተር አማካይነት ሳይፈስስና በቴስተር ባዶነቱ ሳይረጋገጥ እጅ አይግባ።

ከሁሉ አብልጦ የሚያሳዝነኝን በመጨረሻ ልናገር። የማጉያውና የማይክሮፎኑ የመሬት ሽቦዎች ሲዛመዱ ጉርምርምታ ይፈጠራል፤ አንድ ሌሊት ይህን ያየ ሠራተኛ የባለ ሦስት እግሩን ስፒና የመሬት እግር ሲቆርጠው ድምፁ ጸጥ አለ፣ ሁላችንም አመሰገንነው። ዳሩ ግን በማጉያው ውስጥ ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ አካል ይፈስስ ነበርና፣ መውጫ አጥቶ በጊታሩ ክሮች ላይ ቆየ፤ ወጣቱ ጊታር ተጫዋች ክሩን እንደ ያዘ ከንፈሩ ማይክሮፎኑን ሲነካ ወደ ኋላ ተወርውሮ ወደቀ። በእግዚአብሔር ቸርነት ተረፈ። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ጸጥታን በሰው ነፍስ መግዛት እንደማይገባ አምኜ እኖራለሁ፤ ማጉያውንና የማይክሮፎኑን መሣሪያ ከአንድ ሶኬት ብትሰኩ ጉርምርምታው ብዙ ጊዜ ይቀንሳል፤ ባይቀንስም እንኳ ይጩኽ፣ እናንተ ግን የመሬት ሽቦውን ከቶ አትቁረጡ፤ የተቆረጠ ያለባችሁም ነገ ሳይሆን ዛሬ ማታ አስቀጥሉ።