የጭስ ማውጫ ቧንቧ ቀለም ምን ይመሰክራል?



ከፊታችሁ ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠው አራት ቅርንጫፍ ያለው የስቴንለስ ስቲል ጭስ ማውጫ በቤተ ሙከራችን ካለ የቤንዚን ሞተር የተፈታ ነው። ሲገጠም እንደ ብር ያበራ ነበር። አሁን ሦስቱ ቅርንጫፎች ከቴስታታው አጠገብ ሰማያዊ፣ ራቅ ሲሉ ወይን ጠጅ፣ ከዚያም ቡናማ ሆነዋል፤ አራተኛው ግን የገለባ ቀለም ከመያዝ አላለፈም። በየጋራዡ እንዲህ ያለ ቧንቧ ሲታይ ፍርዱ ፈጣን ነው፤ «ሰማያዊ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል» ይባላል። የዛሬው ንግግሬ በዚህ ፍርድ ላይ የቀረበ ይግባኝ ነው ብትሉት አልቃወምም።

ቀለሙ ከጭሱ የመጣ ጥላሸት አይደለም። ስቴንለስ ስቲል ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም አለው፤ ይህ ክሮሚየም ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋሕዶ ውፍረቱ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ የሆነ፣ ዓይን የማያየው ልባስ ይሠራል። ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀውም እርሱ ነው። ቧንቧው ሲግል ልባሱ ይወፍራል። ያን ጊዜ ከልባሱ የላይኛው ገጽ የሚመለሰው ብርሃንና ልባሱን አልፎ ከብረቱ የሚመለሰው ብርሃን ይገናኛሉ፤ እንደ ልባሱ ውፍረትም አንዳንዱ ቀለም ይደክማል፣ አንዳንዱ ይጎላል። በክረምት እርጥብ አስፋልት ላይ የፈሰሰ ናፍጣ ኅብረ ቀለም የሚያሳየው በዚሁ ምክንያት ነው። በመጀመሪያ የሚደክመው አጭር ሞገድ ያለው ሰማያዊ ስለሆነ ቧንቧው ቢጫ ይመስላል። ልባሱ ሲወፍር ደግሞ ረጅም ሞገድ ያላቸው ቀለሞች ይደክሙና ሰማያዊው ይቀራል።

304 በሚባለው የተለመደ የስቴንለስ ዓይነት ላይ፣ በአየር ውስጥ ሲግል፣ ፈዛዛ ቢጫ በ290 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ ጥቁር ቢጫ በ370፣ ወይን ጠጅ የቀላቀለ ቡናማ በ420፣ ሰማያዊ በ540፣ ጥቁር ሰማያዊ በ600 አካባቢ ይታያል። ተራ የካርቦን ብረት ግን ሰማያዊ የሚሆነው በ300 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለመሣሪያ ብረት የተዘጋጀ የቀለም ሰንጠረዥ ይዞ የስቴንለስን ቧንቧ የሚያነብ ሰው እንግዲህ ከ200 ዲግሪ በላይ ይሳሳታል። የቆይታ ጊዜም ቀለሙን ያጠቁረዋል። ከዚህ ሁሉ በላይ ልብ እንድትሉ የምፈልገው ግን ቧንቧው ሲቀዘቅዝ ልባሱ ተመልሶ የማይሳሳ መሆኑን ነው። ቀለሙ የሚመዘግበው ቧንቧው እስካሁን የደረሰበትን ከፍተኛ ግለት እንጂ የዛሬውን አይደለም።

ይህን የተማርሁት በራሴ ስሕተት ነው። ረዳት መምህር ሳለሁ፣ በሞተር ሳይክል ዕቃ እያመላለሰ ቤተሰብ የሚያስተዳድር አንድ ሰው ሞተሩ ጉልበት አጣብኝ ብሎ አመጣልኝ። ያስገጠመው የስቴንለስ ቧንቧ ከቴስታታው ሥር አንድ ስንዝር ያህል ጥቁር ሰማያዊ ሆኗል። ወዲያውኑ በካርቡራተሩ ውስጥ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ቀዳዳ በሰፊ ለወጥሁለት። ሌላ ምንም አልለካሁም። ከሁለት ወር በኋላ ሲመለስ ሞተሩ ያው ደካማ ነው፤ ካንዴላው ጥላሸት ለብሷል፤ የቤንዚን ወጪውም የቀን ገቢውን እየበላው ነበር። «መምህር፣ ሰማያዊው እኮ አልለቀቀም» አለኝ። ሊለቅም አይችልም ነበር። ፑንቲናውን ስከፍት ተበልቶ ክፍተቱ ጠብቧል፤ በዚህም ምክንያት ብልጭታው ዘግይቷል። ክፍተቱን አስተካክዬ የቀድሞውን ቀዳዳ መለስሁ፤ ሞተሩ ዳነ። ቧንቧው ሰማያዊ እንደሆነ ቀረ። የሁለት ወር ቤንዚኑን ግን አልከፈልሁትም።

የዘገየ ብልጭታ ቧንቧን ለምን ያግላል? ቃጠሎው ፒስተኑ መውረድ ከጀመረ በኋላ ስለሚካሄድ ጋዙ ሙቀቱን ወደ ሥራ ሳይለውጥ፣ ገና እንደጋለ፣ በቫልቩ ይወጣል። ጉልበት ይቀንሳል፤ ጭስ ማውጫው ግን ይግላል። በቤንዚን ብዛት ማቀዝቀዝ ምልክቱን ይሸፍነው ይሆናል እንጂ መንሥኤውን አይነካም፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱንም ይጨምራል። የድብልቁ ጉዳይ ራሱ በጋራዥ እንደሚባለው ቀጥተኛ አይደለም። ለ1 ኪሎ ቤንዚን 14.7 ኪሎ አየር በሚሆንበት ምጣኔ አካባቢ የጭሱ ሙቀት ጣሪያው ላይ ይደርሳል። ቤንዚን ሲበዛ ይቀንሳል፤ ድብልቁ ከዚያ ምጣኔ ርቆ ሲሳሳም እንዲሁ ይቀንሳል።

በአገራችን ደግሞ ከፍታ አለ። 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው አዲስ አበባ የአየሩ እፍጋት ከባሕር ወለል አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። እዚህ የተስተካከለ ካርቡራተር ወደ መተሐራ ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ድብልቁ ይሳሳል። ባለ ሞተሩ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ቧንቧው ላይ የሚታየው ቀለም የዚያ ቁልቁለት ቀን መዝገብ ሊሆን ይችላል።

ቀለም እንግዲህ ከንቱ ነው አልልም። ጥቅሙ በንጽጽር ነው፤ ያውም ብረቱ፣ ውፍረቱና ከቫልቩ ያለው ርቀት እኩል ሲሆን፣ ቧንቧውም ባለ አንድ ግድግዳ ሲሆን። ባለ ሁለት ግድግዳ ቧንቧ የውጪው ቆዳ ስለማይግል ምንም ላይናገር ይችላል። ወደ ጠረጴዛችን ልመለስ። በሦስቱ ሰማያዊ ቅርንጫፎች በኩል ብዙ ፈለግን፤ ድብልቁም ብልጭታውም ደኅና ነበር። ጥፋቱ የተገኘው ንጹሕ በሚመስለው በአራተኛው ላይ ነው፤ የካንዴላው ገመድ ውስጡ ተበጥሶ ሞተሩ ጭነት ሲበዛበት ብልጭታው ይቋረጥ ነበር። ሲሊንደሩ በወጉ ስላልተቃጠለበት ቧንቧው አልጋለም።

በሚቀጥለው ሳምንት አዲስ ጭስ ማውጫ እንገጥማለን፤ በየቅርንጫፉ ቴርሞኮፕል፣ ከመጋጠሚያው በኋላም የኦክስጅን መለኪያ ይኖራል። የብልጭታውን ጊዜ በየ2 ዲግሪው እያዘገየን ቀለሙን ከንባቡ ጋር እናስተያያለን። የምትሳተፉ ተማሪዎች ቧንቧውን በአሴቶን ጥረጉት፣ በጓንትም ያዙት። የጣት ቅባት ከልባሱ ጋር ተቃጥሎ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ስለ ሞተሩ ሳይሆን ስለ አሻራችሁ ስንከራከር እንውላለን።