ስለ ልጆች የክረምት ሥራና ስለ ገንዘባቸው



የተሰጠኝ የንግግር ርእስ ከሌሎቹ ጋራ ሲመዛዘን አነስተኛ ይመስል ይሆናል። የምናገረው ስለ ሥርዐተ ትምህርት ወይም ስለ ፈተና ሳይሆን፣ ትምህርት ቤት ከሚዘጋበት ከሰኔ መጨረሻ አንሥቶ እስከ መስከረም ድረስ ልጆቻችን ገንዘብ ስለሚያገኙበት መንገድ ነው። ነገር ግን ይህ ትንሽ የሚመስለው ጉዳይ አንዱን ተማሪ በርትቶና ልብ ገዝቶ ወደ ክፍሉ የሚመልሰው፣ ሌላውን ደግሞ እስከ መጨረሻው ከኛ የሚለየው ስለሆነ ቸል ልንለው አይገባም።

ይህን የተማርሁት ከራሴ ጥፋት ነው። ከብዙ ዓመታት በፊት በአንዲት አነስተኛ ከተማ ስድስተኛ ክፍል ሳስተምር፣ በክረምት ጫማ እየጠረገ ደብተሩን የሚገዛ አንድ ትጉህ ልጅ ነበረኝ። በሰኔ መጨረሻ በጓደኞቹ ፊት አቁሜ አመሰገንሁት፤ «እንደሱ ሁኑ» ብዬም ሌሎቹን መከርሁ። በመስከረም ግን ስሙን ስጠራ «አቤት» የሚል ጠፋ። በጥቅምት አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ከሣጥኑ ጋራ ተቀምጦ አገኘሁት። ጫማዬን አሳምሮ ጠርጎ ሲያበቃ ገንዘብ ብሰጠው እንቢ አለኝ። ለምን እንደቀረ ብጠይቀው፣ «ጋሼ፣ የማገባውን ገንዘብ ቤታችን ለምዶታል፤ አሁን እንዴት አድርጌ ልተወው?» ብሎ መለሰልኝ። የምመልስለት ቃል አልነበረኝም።

አባቶቻችን «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ሲሉ የተረቱት አብዛኛውን ጊዜ ልጅን ለመንቀፍ ይነገራል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ተረቱን ለወላጆች እንደ ተሰጠ ማስጠንቀቂያ አድርጌ እወስደዋለሁ። ልጅ የሚያቦካው ማቡካትን እንዲለምድ እንጂ ቤተ ሰቡ በርሱ ሊጥ ራት እንዲበላ አይደለም። የልጁ የክረምት ገንዘብ በቤቱ ወጪ ውስጥ የተቈጠረ እንደሆነ፣ መስከረም ሲጠባ ሊቀነስ አይችልም፤ ሊቀነስ ካልቻለም የሚቀነሰው ትምህርቱ ነው።

ስለዚህ በሰኔ የመጨረሻ ሳምንት እያንዳንዱን ተማሪ ሦስት ጥያቄ እንድንጠይቀው እመክራለሁ። አንደኛ፣ የምትሠራው የት ነው? ሁለተኛ፣ ገንዘቡ የማን ነው? ሦስተኛ፣ የምታቆመው በየትኛው ቀን ነው? ያንን ልጅ ከነዚህ አንዱን እንኳ አልጠየቅሁትም፤ አመሰገንሁት ብቻ።

ስለ ሥራው ቦታ ስንናገር መጀመሪያ ሕጉን ማወቅ ይገባናል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቍጥር 1156 ዕድሜው 15 ዓመት ያልሞላውን ልጅ መቅጠርን ይከለክላል፤ በቀድሞው አዋጅ ወሰኑ 14 ዓመት ነበረ። 15 ዓመት ሞልቶት 18 ያልደረሰ ወጣት ቢቀጠርም፣ በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜም ሆነ በሳምንት ዕረፍቱና በሕዝብ በዓላት ቀን እንዳይሠራ ተደንግጓል። እንግዲህ የ12 ዓመት ተማሪያችን በምግብ ቤት ወይም በድንጋይ መፍለጫ ቦታ ተቀጥሮ ብናገኘው ነገሩ የትጋት ምልክት ሳይሆን ሕግ መተላለፍ ነው። እኔ የምናገርለት ሥራ ልጁ በወላጆቹ ዐይን ሥር፣ በሰፈሩ፣ በቀን ብርሃን ለራሱ የሚሠራው ቀላል ሥራ ነው።

እንዲህ ያለው ሥራ በክረምት አይጠፋም፤ ወራቱን ላስተዋለ ልጅ የቀን መቍጠሪያው ራሱ ይመራዋል። ሰኔ ውስጥ በጓሮ የተዘራ ጎመን በነሐሴ ቅጠሉ ይለቀማል። ነሐሴ 1 ቀን የፍልሰታ ጾም ስለሚገባ፣ እስከ 15 ድረስ ጎመን ፈላጊው ይበዛል። በዚሁ ጾም ዶሮና ዕንቍላል ገዢ ያጣል፤ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ግን ዋጋቸው ይወጣል። ስለዚህ ጎመኑን ሸጦ ባገኘው ገንዘብ በጾሙ ወራት ሁለት ዶሮ የገዛ ልጅ፣ ለጳጉሜን ገበያ ሊያደርሳቸው ይችላል። እዚህ ላይ ግን ከሁለት እንዳይጀምር አይደለም፤ ከሁለት እንዳያልፍ ነው የምመክረው። ፈንግል የሚባለው በሽታ አንድ ጊዜ ከገባ የመንደሩን ዶሮ ሁሉ ስለሚፈጅ፣ ክትባቱን አስቀድሞ የእንስሳት ጤና ሠራተኛን መጠየቅ ያስፈልጋል። ልጁም ትርፍ ብቻ ሳይሆን ኪሳራም እንዳለ የሚማረው በዚህ ነው።

የበቆሎ እሸት ሲደርስ ጠብሶ መሸጥ ሌላው የታወቀ ሥራ ነው፤ እሳቱ ትልቅ ሰው ባለበት፣ ከመኪና መንገድ ርቆ ይነድ። በትምህርቱ የበረታ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ደግሞ የጎረቤት ሕፃናትን ሰብስቦ ፊደልና ቍጥር ቢያስጠና፣ ከወላጆቻቸው ጥቂት ገንዘብ ያገኛል፤ እርሱም ሲያስተምር የረሳውን ያስታውሳል። ከሁሉም በላይ ግን በዓሎቻችን ራሳቸው ትምህርት ቤት ናቸው። ወንዶች ልጆች ለቡሄ፣ ይኸውም ለነሐሴ 13 በዓል፣ ሆያ ሆዬ እያሉ ከደጅ ደጅ ሲዞሩ ቀድሞ የሚቀበሉት ሙልሙል ነበረ፤ ዛሬ ገንዘብም ይጨመርበታል። ለዕንቍጣጣሽም ሴቶች ልጆች አበባየሆሽ ይላሉ፤ ወንዶቹም የሣሉትን ሥዕል ያድላሉ። አውጪና ተቀባይ ተለይቶ፣ ገንዘብ ያዥ ተመርጦ፣ በመጨረሻም የተገኘው ለሁሉም እኩል ሲካፈል ያየ ሰው፣ ልጆች ማኅበር ማቋቋምን ከማንም ሳይማሩ እንደሚያውቁት ይረዳል።

ስለ ገንዘቡ ባለቤት ከመናገሬ በፊት ስለ ሴቶች ልጆች አንድ ነገር ላንሣ። የብዙዋ ተማሪያችን ክረምት ውሃ በመቅዳት፣ እንጨት በመልቀምና ሕፃን በማዘል ያልፋል፤ ይህም ሥራ ተብሎ አይቈጠርላትም። እኅት የፈለፈለችውንና የጠበሰችውን እሸት ወንድም ይዞ ወጥቶ ይሸጣል፤ ገንዘቡም የርሱ ይባላል። የገጠሩም ልጅ እንዲሁ ነው፤ ክረምት የእርሻና የአረም ወራት ስለሆነ፣ እኛ ዕረፍት የምንለው ለርሱ ዕረፍት አይደለም። እነዚህን ልጆች «ክረምቱን ምን ሠራችሁበት?» ብለን ስንጠይቅ ገንዘብ ያላመጣውንም ሥራ ሥራ ብለን እንቀበላቸው። ወላጆችንም ስናነጋግር፣ ለሴቲቱ ልጅ በሳምንት ሁለት ከሰዓት በኋላ የራሷ ጊዜ እንዲተውላት፣ በዚያም ጊዜ በስፌት ወይም በሌላ ሥራ ያገኘችው የራሷ እንዲሆን እንለምን። «ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው» ይባል የለምን?

ገንዘቡ የልጁ ነው ስንል ግን እንደፈለገ ይበትነው ማለታችን አይደለም። በአንድ ደብተር ላይ የገባውንና የወጣውን በየቀኑ ይጻፍ። አንድ ልጅ እሸቱን በ200 ብር ገዝቶ በ320 ብር ቢሸጥ 120 ብር አተረፍሁ ብሎ ይደሰታል፤ ለከሰል ያወጣውን 40 ብር ሲጽፍ ግን ትርፉ 80 ብር መሆኑን ራሱ ያገኘዋል። ከኛ የሰሌዳ ሒሳብ ይልቅ ይህ አይረሳውም። ከትርፉ ከፊሉን ለደብተርና ለልብስ፣ ከፊሉን ለቁጠባ፣ ጥቂቱንም ለደስታው ቢያደርገው መልካም ነው። ባንኮች በወላጅ ወይም በአሳዳጊ አማካይነት ለልጆች የቁጠባ ሒሳብ ይከፍታሉ፤ ባንክ በሌለበትም እናት የምትጠብቀው የተቈለፈ ሣጥን ይበቃል። ለእናቱ ስኳር ወይም ቡና ገዝቶ ቢሰጥ ደስ ይበለን፤ ይህ ስጦታ ነው። በየሳምንቱ የሚጠበቅበት እንደሆነ ግን ስጦታ መሆኑ ቀርቶ ግብር ይሆንበታል።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ የማቆሚያው ቀን፣ ከሁሉም የሚከብደው ነው። ልጁና ወላጁ በሰኔ ሳሉ ቀኑን ቈርጠው በደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ይጻፉት። በመስከረምም የመጀመሪያው የሒሳብ ትምህርት ከዚያ ደብተር ይጀመር፤ ብዙ ያተረፈውን ለመሸለም ሳይሆን፣ የከሰረው እንኳ የከሰረበትን ምክንያት ለጓደኞቹ እንዲያስረዳ። ደብተሩን ይዞ የሚመጣበት ቦታ እንዳለ የሚያውቅ ልጅ የመመለሻ ምክንያት አለው።

በቀኑ ያልተመለሰ ልጅ ቢኖር እስከ ጥቅምት አንጠብቅ። በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱ ድረስ እንሂድ። ቤቱ ያለ ልጁ ገንዘብ ማደር ያቃተው ሆኖ ካገኘነው፣ ያ ሸክም በ12 ዓመት ትከሻ ላይ ሊቀር አይገባውምና ነገሩን ለወላጅ መምህር ኅብረት እናቅርበው። ሁሉን ችግር እናቃልላለን አልልም፤ ነገር ግን ዝምታችን ልጁ ብቻውን እንዲወስን መተው መሆኑን እንወቅ።

ክቡራንና ክቡራት፤

ያ ልጅ ጫማዬን በጠረገበት ቀን ገንዘቡን እንቢ ያለኝ ስላከበረኝ ነው። እኔ ግን ከምስጋና በቀር የሰጠሁት ነገር አልነበረም። በሚመጣው ሰኔ እናንተ ተማሪዎቻችሁን ስታሰናብቱ፣ ምስጋናውን ከሦስቱ ጥያቄዎች ጋራ እንድትሰጧቸው በትሕትና እለምናለሁ።